ደረቅ ቦይና አውራ ዶሮ

የግኖስቲክ ጽሑፎችን፣ መዳን ግኖሲስ በሚሉት በውስጣዊ ማወቅ ነው ይሉ የነበሩ የጥንት ሰዎችን መጻሕፍት፣ ለብዙ ዓመታት ያነበብኩት ለብቻዬ ነበር። ሌሊት፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ አንዲት አንቀጽ መርጬ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ በጽሞና እቀመጥ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ያገኘሁትን ዛሬም አልክድም፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር አብሮ የበቀለ ሌላ ነገር ነበር። ካህኑና ደንቡ፣ የጉባኤው ሰዓትና የጋራው ጸሎት በራሳቸው ዓይን ለማየት ላልበቁ ሰዎች የተሠሩ ምርኩዞች ናቸው የሚል አሳብ ቀስ በቀስ በውስጤ ሥር ሰዶ፣ በአንድ ቤተ እምነት ደጃፍ ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ ባየሁ ቁጥር በልቤ አዝንላቸው ጀመር። ማዘን ስል ርኅራኄ ማለቴ አይደለም።

ከዚህ ያነቃኝ የግኖስቲኮች ወዳጅ ሳይሆን ዋነኛ ባላጋራቸው ነው። የልዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ በ180 አካባቢ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመናፍቃን ላይ በጻፈው ባለ አምስት መጽሐፍ ሥራው፣ ወደ ግኖስቲኩ መምህር ወደ ቫለንቲኖስ ተከታዮች አዲስ የገባ ሰው ራሱን በሰማይም በምድርም እንደሌለ ቆጥሮ፣ ምልዓት ወደሚባለው የመለኮት ዓለም፣ ወደ ፕሌሮማ፣ ገና ሳይሞት እንደገባ አምኖ፣ እንደ አውራ ዶሮ እየተጎማለለ ይሄዳል ብሎ ይሳለቃል። ኢሬኔዎስ ገለልተኛ ምስክር አይደለም፤ ተቃዋሚዎቹን ለማጥፋት የጻፈ ሰው ስለሆነ፣ ስለ እነርሱ የሚለውን ሁሉ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ያን አረማመድ ሳነብ ሰውየውን አወቅሁት። ያ በሌሊት ብቻውን የሚቀመጠው፣ በቀን ግን ሌሎችን ከላይ ወደ ታች የሚያየው ሰው ነበር።

በ1945 በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ አጠገብ የተገኙት፣ ብዙ የግኖስቲክ ጽሑፎችን የያዙት 13 የቅብጥ ጥራዞች፣ ሃይማኖት አያስፈልገኝም፣ መንፈሳዊነት ይበቃኛል ለሚል ሰው በዘመናችን እንደ መማጸኛ ከተማ ሆነዋል። ይልቁንም 114 አባባሎችን የያዘው የቶማስ ወንጌል፣ መንግሥቱ በውስጣችሁም በውጫችሁም ነው የሚለው ቃሉ ያለ አማላጅ የሚጠራ ስለሚመስል፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠለለው በእርሱ ነው። ነገር ግን ይህ ወንጌል የሚገኝበትን ሁለተኛውን ጥራዝ እስከ ፍጻሜው የገለጠ ሰው፣ ከመጨረሻው ድርሰት በታች ገልባጩ የተወውን አጭር ልመና ያገኛል፤ ወንድሞቼ ሆይ፣ በጸሎታችሁ እኔንም አስቡኝ ብሎ፣ ለቅዱሳንና ለመንፈሳውያን ሰላምን ይመኛል። እኔ በሌሊት ለብቻዬ የምደሰትበትን መጽሐፍ ቀለም ነክሮ የጻፈው ሰው፣ የሚጸልዩለት ወንድሞች የነበሩት ሰው ነው። በስድስተኛው ጥራዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ አለ። ገልባጩ ብዙ ጽሑፎች እንደደረሱት፣ ነገር ግን ምናልባት ለእናንተም ደርሰው ከሆነ ሸክም እንዳይሆኑባችሁ ሰግቶ እንዳልገለበጣቸው ይናገራል። የሚለው "እናንተ" እንጂ "አንተ" አይደለም። እኔ የብቸኛ ነፍስ ማስታወሻዎች አድርጌ የያዝኳቸው ጽሑፎች፣ መጽሐፍ የሚዋዋሱ፣ እርስ በርስ የሚተሳሰቡና ምናልባትም አንዳንዴ የሚሰለቻቹ ሰዎች ንብረት ነበሩ።

በሁለተኛው ጥራዝ ከቶማስ ቀጥሎ የሚመጣው የፊልጶስ ወንጌል ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ጌታ ሁሉን በምሥጢር አደረገ ብሎ ጥምቀትን፣ ቅብዓትን፣ ቁርባንን፣ ቤዛነትንና የሙሽራውን እልፍኝ ይዘረዝራል። እነዚህ ውሃ፣ ዘይት፣ እንጀራና ጽዋ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ሰው የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው፤ ማንም ራሱን በራሱ ሲቀባ አይታይም። ሆኖም ይኸው ወንጌል ወዲያው ስለቱን ወደ ሌላው ወገን ያዞራል። ወደ ውሃው ወርዶ ምንም ሳይቀበል የወጣ ሰው፣ ክርስቲያን ነኝ ቢል ስሙን በወለድ ተበድሮታል፤ መንፈስን የተቀበለ ግን ስሙ ስጦታው ነው፣ ስጦታውንም ማንም መልስ አይለውም ይላል። ወለድ የሚለውን ቃል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በተበደረው ስም የሚኖር ሰው በየወሩ መክፈል አለበት፤ በጉባኤው መታየት፣ ከሌሎች ይልቅ ቀናተኛ መምሰል፣ የሚጠራጠረውን መገሠጽ፣ እነዚህ ሁሉ የወለዱ ክፍያዎች ናቸው። ዋናው ዕዳ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

የቤተ ክርስቲያን መምህር የነበረው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ከቫለንቲኖስ ወገን ከነበረው ከቴዎዶጦስ ጽሑፍ ቀንጭቦ ባቆየልን ክፍል ውስጥ አንድ ዝነኛ ቃል አለ። ማን እንደነበርን፣ ምን እንደሆንን፣ የት እንደነበርን፣ የት እንደተጣልን፣ ወዴት እንደምንቸኩል፣ ከምን እንደዳንን፣ ልደት ምን እንደሆነ፣ ዳግም ልደትም ምን እንደሆነ ማወቅ ነጻ ያወጣል ይላል። ይህን ቃል ያልጠቀሰ የግኖስቲክ መግቢያ አላጋጠመኝም ማለት እችላለሁ፤ የሚጠቀሰው ግን ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው ነጻ የሚያወጣው መታጠቡ ብቻ አይደለም፣ ማወቁም ጭምር ነው በማለት ነው። "ብቻ" የምትለው ቃል ጥምቀቱን አልሻረችም፤ ጥምቀቱ እንዳለ ሆኖ የጎደለውን ነገር ትናገራለች። እኔ ይህን ጥቅስ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፈው መጀመሪያውን ትቼ ነበር፤ ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ።

እዚህ ላይ ወደ ተደራጀው ሃይማኖት ዘንበል ያልኩ ከመሰለ፣ የሌላውን ወገን ነገር በሚገባ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከብቸኝነቱ እንደወጣሁ የገባሁት ወደ ደረቅ ቦይ ነበር። የጴጥሮስ ራእይ የተባለው የሰባተኛው ጥራዝ ድርሰት፣ ሥልጣናቸውን ከእግዚአብሔር እንደተቀበሉ አድርገው ራሳቸውን ጳጳስና ዲያቆን ብለው ስለሚሰይሙ ሰዎች ሲናገር፣ እነርሱ ደረቅ ቦዮች ናቸው ይላል። ከዚህ የተሻለ ስድብ አላውቅም፤ ቦዩ ትክክለኛ ቅርጽ አለው፣ ተቆፍሯል፣ ተስተካክሏል፣ ውሃ የሚያልፍበት ተዳፋት ሁሉ አለው፤ ውሃ ግን የለበትም። እኔ የገባሁበት ማኅበር ራሱን የጥንቱ ግኖሲስ ወራሽ አድርጎ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ትምህርቱ በደረጃ የተከፈለ ነበር። በየደረጃው አዲስ የምሥጢር ቃል፣ አዲስ ልብስና አዲስ መሐላ ነበረ፤ እውነተኛው ነገርም ሁልጊዜ በሚቀጥለው ደረጃ ላይ ይገኝ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ። የወጣሁት በጠብ አይደለም፤ አንድ ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ተማርክ ብሎ የጠየቀኝ ብዙ ሰው እንደነበረ፣ ምን አየህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም እንዳልነበረ ትዝ ስላለኝ ነው። ስለ ማወቅ ያለማቋረጥ የሚነገርበት ቤት፣ የሰውን ማወቅ ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

እንግዲህ ብቻውን የሚቀመጠው አውራ ዶሮ ይሆናል፣ ተደራጅቶ የሚቀመጠው ደረቅ ቦይ ይሆናል ማለት ነውን? ለረጅም ጊዜ ነገሩን እንደ ሚዛን አድርጌ፣ ከዚህ ትንሽ ከዚያም ትንሽ መውሰድ ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ብዙም አልረዳኝም፤ ግማሽ ትዕቢትና ግማሽ ድርቀት ሲደመሩ ጤና አይሆኑም። አሳቤን የለወጠው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የማውቀው፣ በሁለተኛው ጥራዝ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው የዮሐንስ የምሥጢር መጽሐፍ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ታሪክ ላይኛው ዓለም በመጠየቅና በመፍቀድ የሚኖር ዓለም ነው። ባርቤሎ የምትባለው የመጀመሪያዋ ኃይል ከማይታየው መንፈስ ቅድመ ማወቅን ትለምናለች፤ መንፈሱ ይፈቅዳል፤ የተለመነውም ተገልጦ፣ ከፊታቸው ቆሞ ያመሰግናል። ከዚያ ሌላ ልመና፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ምስጋና ይከተላል። መጀመሪያ ሳነበው ይህ መደጋገም አሰልቺ ሆኖብኝ ገጾቹን እዘል ነበር፤ አሁን ሳየው ግን የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚያ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይኛው ዓለም ኃይላት አንዷ የሆነችው ሶፍያ የመንፈሱን ፈቃድ ሳታገኝ፣ ጓደኛዋም ሳይስማማ፣ ብቻዋን ለመውለድ በፈለገች ጊዜ ነው። የተወለደው ያልዳባኦት መልኩ ከእርሷ መልክ የተለየ፣ የአንበሳ ፊት ያለው እባብ ሆነ፤ ማንም እንዳያየውም በደመና ሸፈነችው። እርሱም በደመናው ውስጥ ሆኖ ዙሪያውን ሲያይ ከራሱ ሥራ በቀር የሚታይ ነገር ስላጣ፣ እኔ ቀናተኛ አምላክ ነኝ፣ ከእኔም በቀር ሌላ አምላክ የለም አለ። የመጽሐፉ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሳይቆይ፣ ሌላ ከሌለማ በማን ይቀናል ብሎ ይጠይቃል።

ያልዳባኦት ክፉ ከመሆኑ በፊት ብቸኛ ነው። አለማወቁ የመረጃ እጥረት አይደለም፤ ከእርሱ ውጭ ሆኖ የሚመልስለት ድምፅ አለመኖሩ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ በሌሊት ጽሞናዬ ውስጥ የነበረችውን ደመና ማየት ጀመርኩ፤ የማየው ሁሉ እውነት ይመስለኝ የነበረው፣ ከራሴ በቀር የሚያየው ሌላ ስላልነበረ ነው። ነገር ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር የግለሰብ ብቻ አይደለችም። ከእኔ በቀር መዳኛ የለም የሚል ተቋም፣ ከደረጃዬ ውጭ ምሥጢር የለም የሚል ማኅበር፣ ያንኑ ቃል በብዙ ሰው አፍ ይናገረዋል፤ ሺህ ሰው በአንድ ደመና ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አንድን ልማድ፣ የግልም ሆነ የጋራ፣ ስመዝን የምጠይቀው ከራሱ ውጭ የሚመጣ መልስ የሚገባበት ቀዳዳ አለው ወይ ብዬ ነው።

የቫለንቲኖስ ሰዎች ይህን ቀዳዳ ክፍት ለማድረግ የሞከሩ ይመስለኛል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሳካላቸውም። ከግብፅ ተነሥቶ በ140 አካባቢ በሮም ያስተምር የነበረው ቫለንቲኖስ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው እንደ ተርቱሊያን አባባል ጳጳስ ለመሆን ተስፋ አድርጎ ሌላ ተመረጠበት፤ ይህን የነገረን ጠላቱ መሆኑን አልዘነጋም፣ ግን ቢያንስ ቫለንቲኖስ የሚሾምበት ጉባኤ ውስጥ እንደነበረ ያሳያል። ተከታዮቹም ከሌሎቹ ምእመናን ጋር አብረው ይቀመጡ ነበር፤ ኢሬኔዎስን ያበሳጨውም ይኸው፣ አነጋገራቸው የእኛን የሚመስል፣ አሳባቸው ግን ሌላ የሆነ ሰዎች መሆናቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጰጥሎሜዎስ ፍሎራ ለተባለች ሴት የጻፈውን ደብዳቤ መናፍቃንን የነቀፈው ጳጳስ ኤጲፋንዮስ አቆይቶልናል፤ እህቴ እያለ፣ ከምታውቀው ከሙሴ ሕግ ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወስዳት። ያለችበትን ጉባኤ ጥለሽ ነይ የሚል ቃል የለበትም።

ያልተሳካላቸው ሰውን በሦስት በመክፈላቸው ነው፦ ሥጋውያን፣ ነፍሳውያን፣ መንፈሳውያን። ጉባኤውና ሥርዓቱ ለነፍሳውያን፣ ማወቁ ለመንፈሳውያን የሚል ትርጓሜ ከተሰጠው፣ አውራ ዶሮው እዚያው ቤተ ጸሎት ውስጥ ወንበር አገኘ ማለት ነው። ይህን በሽታ ያዩት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። በ11ኛው ጥራዝ መጀመሪያ ያለው የዕውቀት ትርጓሜ የተባለ ስብከት፣ በመንፈሳዊ ስጦታ የተነሣ ቅናት ለገባበት ማኅበር የተጻፈ ነው፤ ጣት ያደረገኝ ለምንድን ነው፣ ለምን ዓይን አልሆንኩም ብለህ የአካሉ ራስ የሆነውን አትክሰስ፣ ይልቅስ ከአካሉ ውጭ ባለመሆንህ አመስግን ይላል። ጥራዙ በጣም የተጎዳ ስለሆነ ብዙ መስመሮች ጠፍተዋል፤ ይህች ግን ቀርታለች። በዚያ ጉባኤ ውስጥ ዓይን የነበረው ሰው፣ ስብከቱ ሲነበብ ወዴት ይመለከት እንደነበረ ለማሰብ እሞክራለሁ።

ግኖሲስና ሥርዓት ተጣጥመው መኖር ይችላሉ ወይ ለሚል ሰው ከሁሉ በፊት የምጠቅሰው ግን ማንዳውያንን ነው። ስማቸው ራሱ "ማንዳ" ከሚለው፣ ማወቅ ማለት ከሆነው ቃላቸው የመጣ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በደቡብ ኢራቅና በደቡብ ምዕራብ ኢራን በወንዞች ዳር ኖረዋል፤ ጥምቀታቸውም አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ሳይሆን በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚደጋገም፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ በካህን እጅ የሚፈጸም ነው። በ1831 የገባው ኮሌራ ካህናቶቻቸውን ጨረሰ። ያለ ካህን ጥምቀት የለም፣ ያለ ካህንም ካህን አይሾምም፤ በደንቡ መሠረት ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ሥርዓቱን ያወቁ፣ መጻሕፍቱን ማንበብ የሚችሉ የካህናት ልጆች ተነሥተው ክህነቱን እንደገና አቆሙት። ተቋሙ በሞተ ጊዜ ያስነሣው በሰዎች ልብ የነበረው ማወቅ ነው፤ ያ ማወቅ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በተቋሙ ውስጥ ያደገ ነበር። የትኛው የትኛውን ወለደ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄ ትቼዋለሁ።

በዘመናችን ያሉት የግኖስቲክ አብያተ ክርስቲያናት ግን እንዲህ ያለ የማይቋረጥ ሐረግ የላቸውም፤ የቫለንቲኖስ ጉባኤዎች ከጠፉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል። በ1890 በፈረንሳይ የግኖስቲክ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው ጁል ዱዋኔል የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነበር፤ በ1895 ያቋቋመውን ትቶ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ግኖስቲኩ ተመለሰ። አንዳንዶች ይህን ለማሳፈሪያ ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ከመሥራቾች ሁሉ የሚቀርበኝ እርሱ ነው።

አሁን የምኖርበት አካሄድ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች አለን። አንብበን፣ ጸልየን፣ አብረን እንበላለን፤ የዕለቱን ንባብ የሚመራው በዕጣ ይወሰናል። ዕጣው ከኢሬኔዎስ የተዋስነው ነው፤ በማርቆስ (ወንጌላዊው ሳይሆን ከቫለንቲኖስ ወገን የነበረው መምህር) ተከታዮች ማዕድ ዕጣ ይጣል እንደነበር የጻፈው ሊነቅፋቸው ቢሆንም፣ ለእኛ ምክር ሆነን። ዕጣው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ንባብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ይመስለኛል፤ እኔ መስመሩን ቀድሜ ስለማውቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በውስጤ እያረምኩ አሳለፍኳቸው። ከጉባኤው ልዩ ስሜት መጠበቅን ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ለብቻዬ የምቀመጥበትን ሰዓት ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ በዚያ ሰዓት የጋራውን የጸሎት ቃል አልጠቀምም፣ የምጠቀምበት ቃልም የለኝም።

ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ከአባሎቻችን መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አሉ፤ በጽሞና ያየሁትን አልፎ አልፎ እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ብርሃንና ስለ አንድ ደጃፍ ረጅም ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ትንሽ ዝም ብለው፣ "ይህንኑ አምና ነግረኸኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ደጃፉ በስተግራ ነበር" አሉኝ። አላስታወስኩም። ደብተሬን ገልጬ ባየው ልክ ነበሩ፤ በዓመቱ ውስጥ አዲስ መስሎኝ የጻፍኩት ሁሉ ያው አንድ ደጃፍ፣ እኔም በእርሱ ገብቼ የማላውቅ። በማግሥቱ ጠዋት የተቀመጥኩት ያን እያሰብኩ ነው።

በስድስተኛው ጥራዝ ውስጥ፣ ገልባጩ ከሚያመነታባት ማስታወሻ በፊት፣ አጭር የምስጋና ጸሎት አለ። ብቻዬን በነበርኩባቸው ዓመታት በቃሌ የያዝኳት ይህችን ነበር፤ ነፍስና ልብ ሁሉ ወደ አንተ ተዘርግቶ እናመሰግንሃለን ብላ ትጀምራለች፣ የምትለምነውም አንድ ነገር፣ በማወቅ መጠበቅን ብቻ ነው። ከጸሎቷ ቀጥሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ጸሎቱ ውስጥ ስለማትገባ ሁልጊዜ ከእርሷ በፊት አቆም ነበር። ይህን ጸልየው በጨረሱ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ፣ ደም የሌለበትን ቅዱስ ምግባቸውንም ሊበሉ ሄዱ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ዕጣው ለእኔ ወጥቶ ያንን ጸሎት ሳነብ፣ እዚያች ቦታ ላይ እንደ ልማዴ ቆምኩ። እናታችን ግን መጽሐፉ ላይ ጣታቸውን አድርገው ይጠብቁ ስለነበር፣ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አነበብኳት።